ስም የለሽ በር

ሊዝበን፣ ሞራሪያ፣ ዳገቱ እላዩ ላይ፣
ጋዝ ተሸክሜ ነው የምወጣው ሰማይ።
ሃያ ስድስት ኪሎ፣ ከነቆርቆሮው፣
አርባ አንድ ደረጃ፣ ከዚያ በር፣ በግራው።
ምልክት የለውም፣ ስም አልተጻፈበት፣
አንሶላና ካልሲ የተሰጣበት።
የሚያውቅ ያንኳኳል፤ የማያውቅ ያልፋል፤
ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ፣ ብረት ድስት ይጮኻል።

ሉዎ ሹፌን ትባላለች፣ የጉይጆ ተወላጅ፣
ሽበት ያወጣውን የምትጠራ «ልጅ»።
«ቁጭ በል» አለችኝ ሲሊንደሩን ስተክል፣
«ሂሳቡ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ብላ፣ በል።»

ዛላውን ጣለችው ዘይቱ ጋለና፣
ቀዩ እስኪጠይም፣ ሳይጠቁር ገና፤
ዶሮው እንደ ዳማ ጠጠር ተከትፎ፣
ለውዝ ገባ ኋላ፣ ቅርፊቱ ተገፍፎ።
ሦስቴ ወረወረች፣ ሦስቴ ተቀበለች፣
ደቂቃም አልሞላ፤ «አለቀ» ብላ ሰጠች።

በሁለታችንም አፍ ባልበቀለ ቋንቋ
አወጋችኝ ቆማ፣ በጭልፋ አንኳኩታ፦
«ሦስት አገር ይጣላል፣ ‹የእኔ ነው› እያለ፤
አንዱ ጋ ተወልዶ፣ አንዱ ጋ ሥራ ዋለ፣
አንዱ ጋ ገዛ አሉ፤ የሹም ማዕረግ ነው
ይህ ዶሮ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስመው።
እሱስ በላ እንጂ! ያበሰለውማ?
ስሙ የት ገባ? ማንም አልሰማ።

«ልጅ ሆኜ፣ በአብዮት…»
(ቃሉን ማንም አላስተረጎመኝ።)
«…የሹም ስም በሳህን ክልክል ነው ተባለ።
አባቴ ወጥ ቤት ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ያለ።
‹የተንገበገበ ዶሮ› ብለው ጻፉ፤
አንድ ቀን አመለጠው፣ የድሮው፣ ከአፉ።
ዓመት ድስት አጠበ።
ድስቱ ግን ያው ድስት፣ በርበሬው ያው በርበሬ።»

መስኮቱን ከፈተች፤ ቴዦ ያብለጨልጫል።
«በርበሬውም ቢሆን በዚህ አልፏል ይባላል፣
በመርከብ ተጭኖ፣ ከማዶ፣ ከባሕር።»
እኔ ዝም። ምን ልበል?
የማረቆ ነው ብዬ የምምልበት ቅመም፣
ለካስ የእሱም ሰነድ ተሟልቶ አያውቅም።

በሩ ተንኳኳ። የማዘጋጃ ቤት ሰው፣
ማህደር በብብቱ፣ ቆቡን የደፋው።
ገባና አየን፦ ሁሉ ዓይኑን ይጠርጋል፣
እኔ ተንሰቅስቄ፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣
ጥጉ ላይ ያለችው የሕግ ተማሪ
ደረቷን ትመታለች፣ ውሃ ውሃ ባይ።
ቆቡን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።
«ይቅርታ፤ አላወቅሁም። ማን ነው ያረፈ?»
«አባቷ» አልኩኝ።
(ሐሰት አልተናገርኩ፤ ሠላሳ ዓመቱ ነው።)
«ያጽናችሁ» ብሎን ወረደ ደረጃውን፣
በጫፍ ጫፍ እየረገጠ፣ ሳይገልጥ ማህደሩን።

ሁሉም ሳቀ።
ሹፌን አልሳቀችም። ሳህኔን ደግማ ሞላች።
ስሙን ጠየቅኳት፣ የምግቡን ማለቴ ነው።
የቱን እንደጠየቅኩ አልገባት ይሆናል፤
ወይም በደንብ ገብቷት፤
እሳቱን አጠፋች፣ እጇን ጠረገች፣
«ሉዎ ዴሺያን» አለች።