አምስተኛው ቁልፍ

ለሁለት ሰው አንድ ካፖርት፣ ለአንድ ጣሪያ አንድ መስኮት፣
ኤስኪልድ፣ ይኸው ነበረ የሁለታችን ሀብት።
ኮፐንሃገን በረዶ ላይ መርከቦቿን አስራ፣
ምሰሶው ሁሉ እንደ ከሳ ጣት ሰማዩን ሲጣራ፣
ወይዘሮ ብሪክስ ደረጃውን በኪራይ ቀን ስትቆጥር፣
«ተቀመጥ» አልኩህ፣ «ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙር»።

ሕጋችን አንድ ነበረ፦ የሚወጣ ካፖርት ይለብሳል፣
የሚቀር ባዶ ሸራውን እንደ ብርድ ልብስ ይደርባል።
ያን ቀን እኔው ሕጉን ሻርኩት፤ ሳትወጣ አለበስኩህ፤
በሸሚዝ ቆሜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ጀመርኩህ።

እኔ በብሩሽ ስስል፣ አንተ ከደረትህ ስትስል፣
ሁለት ሠራተኛ ነበርን፣ ቀን ሙሉ ስንስል።
ባንተ ሳል የኔ ሥዕል ይናጋል፤
አፍህ ቦታውን ይስታል፣ ትከሻህ ይዘምማል።
«ዝም በል» እንዳልልህ፣ ሳል በትእዛዝ መቼ ይቆማል?
ከሳልህ እስከ ሳልህ ያለችውን ጸጥታ
እንደ ቃርሚያ ለቅሜ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ፊትህን ከዚያ ሠራሁት።

ካፖርቱ ቁልፉ አራት ነው፤ አንዱ ወድቆ ቀርቷል ድሮ፣
ምናልባት በዓሣ ገበያ፣ ምናልባት ወደ ቦዩ ተሽከርክሮ።
ከልብህ ደጃፍ ላይ ክፍት ናት ያቺ ቀዳዳ፤
ነፋሱ ይገባባታል፣ ኪራይ እንደማይከፍል እንግዳ።

እኔ፣ ያየሁትን እንጂ ሌላ የማልጨምር፣
ለጌጥ ለሽንገላ ብሩሼን የማልነክር፣
ዓይንህን ከደን ስታደርግ ቢጫ ከቡኒ በጠበጥኩ፤
ጫፏ ላይ ነጭ ነጥብ ጣልኩ፤
የናስ ቁልፍ ሣልኩልህ።
ደረትህን ቆለፍኩልህ።

አየሃት። ሳቅክ፤ ሳቅህም መንገድ ላይ ሳል ሆነ።
«ብትሰፋልኝ ይሻል ነበር» አልከኝ።
«መርፌ የለንም» አልኩህ።

ዳኞቹ በጸደይ መጡ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ፤
«ፊቱ ገርጥቷል፣ የሰው መልክ የለውም» አሉ፤
አንዱ ጠጋ ብሎ፣ በጣቱ ሊነካ ምንም አልቀረው፤
«ቁልፉ ግን» አለ፣ «ቁልፉ እውነት ነው»።
ያን ጊዜ አንተ አፈር ከለበስክ ሦስት ሳምንት ሆኖሃል።

ካፖርቱ አሁን የኔ ነው፤ ተራ መጠበቅ ቀርቶልኛል፤
ስወጣም ስገባም ለብሼው፣ ከበፊቱ ይብስ ይበርደኛል።
በቦዩ ዳር ነፋስ ሲነሳ ጣቴ ሳላዘው ይነሳል፤
ከታች ቆጥሮ ይወጣል፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
ከዚያ እንደ ዕውር ይዳብሳል።

ቁልፉ አንተ ጋ ነው፤ ከግድግዳ ላይ ይዘኸዋል።
ገበያ ላይ ዋጋው ሁለት ሽልንግ ነው ይላሉ።
እስካሁን አልገዛሁም።