በዐይኑ ይጻፍ

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል፤ አራተኛ ፎቅ በእግሬ ወጥቼ፣
አራዳ፥ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ የልጄን ስም ላስጽፍ መጥቼ፣
ይዣለሁ ወረፋዬን፥ ሃምሳ ሰባት ቁጥር፣
ስሟን በልቤ እያልኩ፥ አፌ ላይ እንዳይሰበር።

«የሕፃኗ ስም?» አለች ጸሐፊዋ፥ ከኮምፒውተሩ ሳትዞር።
«አይኖ።»
«ማን? አይኖር?»
«አይኖ ነው እህቴ፤ መጨረሻው "ር" የለውም።»
ከኋላዬ ያሉት እናት አማተቡ፤
«በስመ አብ! ለጨቅላ እንዲህ አይባልም!»

አልፈርድባቸውም።
በሰባት ወሯ ነው የመጣችው። ሃያ ስድስት ሌሊት
ጥቁር አንበሳ፥ መስተዋት ሣጥን ውስጥ፥ በቱቦ ነበር ወተት።
ያን ሰሞን ነው እናቷ ስሙን ያመጣችው፣
ካዛንቺስ ቢሮ አብራት ከምትሠራ ፊንላንዳዊት የሰማችው፤
«አንዲት፥ ብቸኛ» ማለት ነው አሉ በአገራቸው።
በእኛ አፍ ግን አንዲት ፊደል ብትጨመርበት
መርዶ ነው።
ይህን ማን አስቦት!

«በአልፋው "አ" ነው በዐይኑ "ዐ"?» አለች ልጅቷ ቀና ብላ።
ፊንላንዶች ይህ ጣጣ የለባቸው፤ ዝም አልኩ እንደ ተላላ።
«እሺ፥ የእናቷስ ስም?»
«ብሌን።»
ሳቀች፤ ከመጣሁ ገና አሁን ጥርሷን አየሁ።
«በዐይኑ ነዋ እንግዲያው!» ቁልፉን ስትመታ ሰማሁ።

ማኅተም። ፊርማ። ደረሰኝ።
ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ ስወርድ
በየፎቁ ዞር እያልኩ ኋላዬን አያለሁ፤
ያቺ «ር» በደረጃው ተከትላኝ እንደሁ።