የልጣጭ ነገር

ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣ ከጁስ ቤቴ ጓሮ፣
ሦስት ፍየል ነበሩኝ ደንበኞቼ ድሮ፤
የኤረር ብርቱካን ስጨምቅ ውዬ
ልጣጩን ስደፋ፣ «በሉ፣ ብሉ» ብዬ።
ዘንድሮ ኩርፊያ ነው፤ በሩን ይወጋሉ፤
ወሳጇ እህቴ ናት፣ እኔን ይከሳሉ።

ሂንዲያ በፌስታል፣ በባጃጅ ስትጭነው
«አቦ፣ ይሄ ልጣጭ ደግሞ ለምንሽ ነው?»
«ነጥብ ልሠራበት።» «የኳስ ነው የካርታ?»
ሹፌሩም ሳቀብኝ፤ ነገረችኝ ማታ፦
«ኳንተም ነጥብ ነው፣ ከሴል እልፍ ያነሰ፣
ብርሃን ሲነካው ብርሃን የመለሰ፤
ደም ውስጥ ይገባና፣ ዕጢው ጋ ይጠጋና
"እዚህ ነው" የሚል ነው፣ ለሐኪም ዓይን ፋና፤
መድኃኒት ካሸከሙት ጤነኛውን ያልፋል፣
ከታመመው ደጃፍ ሲደርስ ያራግፋል።»

አምና የሠራችው ሌላ ነበር፤ ቀይ፣
እንደ ከሰል ፍም ከሩቅ የሚታይ።
ብልቃጡን ይዤ «ወላሂ፣ ድንቅ ነው!» ብላት
«ድንቅ ነው» አለች፣ «ካድሚየም አለበት።»

ዝም አልን።

ይህን ስም እናውቀዋለን እኛ ቤት።
ሠላሳ ዓመት አባባ፣ ባቡሩ ጋራዥ፣ ባትሪ ቤት፣
ዱቄቱን በጁ ጠርጎ፣ በዚያው እጅ ሳምቡሳ በልቶበት።
ኩላሊቱ ሲደክም ሐኪሙ ያሉት፦
«እንግዳ ነው፣ ገብቶ የማይሰናበት።»

«በሽታ ላይ ብዬ በሽታ አላስገባም»
አለች። ደፋችው አልልም፤ እንዲህ ያለ አይደፋም፤
በመስታወት ታሽጎ ቁልፍ ተቆለፈበት።

እናም ልጣጭ ሆነ። በብሎን የታሰረ የብረት ድስት፣
ሌሊቱን ሙሉ እሳት፤
ጠዋት ሲጠለል ሻይ ይመስላል፣ ስኳር የበዛበት።
ሐምራዊውን መብራት ወደሱ ስታዞር
ያ ሻይ ሰማያዊ ሆነ፣ እንደ ቡታጋዝ ጠርዝ፣ አላመንኩም ነበር።

«ታዲያ ሰው ዳነበት?» «ገና አይጥ ላይ ነን።
ሁለቱ ሞቱብን፣ ለምን? አላወቅን።
ከብርቱካን መጣ ማለት
ብርቱካን ነው ማለት አይደለም፤ ይሻላል እንጂ ገና አላመንኩት።»

ይህን ስትል መብራት ሄደ።
ብልቃጡም አብሮ ጨለመ። ምንም። የተሸወድኩ መሰለኝ።
«ለራሱ አያበራም» አለችኝ፣
«ሲጠይቁት ነው የሚመልስ።»
አባባን አሰብኩ፤ ማን ጠየቀው ባትሪ ቤት ሲገባ፣ ሲመለስ?

ጠዋት ሁለት ፌስታል ሞላሁላት።
ለፍየሎቹም ጥቂት፤
አንዷ አሸተተችና ትታው ሄደች፣ ካኮረፈች ቆይታለች።