ከውስጥ ነው ለካ

አፉላ፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ ከተራ መጠበቂያው ዳር፣
ሃምሳ ሊትር ውሃ አለ፣ ጥቂት አሸዋ፣ ጥቂት ሣር፣
ስምንት ዓሣ፣ አንድ ቀንድ አውጣ።
ማታ ማታ ልወለውል ስመጣ
መጀመሪያ የማበራው የእነሱን መብራት ነው፤
የሰዉ ወንበር ኋላ ነው።

እሑድ ሌሊት መስታወቱ ላይ አየሁ
አንድ ነጭ ክር። በጨርቄ ልጠርግ ነካሁ፤
አልሄደም። ከውስጥ ነው ለካ።
ተሸበሸበ፣ ተዘረጋ፣ ራሱን በራሱ ለካ።
ከጎኑ ሌላ፤ ከአሸዋው ሥር ደግሞ
ፀጉር የሚያህል ሕዝብ፣ ከትሞ።

ጠዋት ነርሷ ላሪሳ አይታ ጮኸች፤
«ትል! በሽተኛ በሚቀመጥበት!» አለች።
«ውሃው ይደፋ! አለ መድኃኒት፣
ጠብታው ሁሉን የሚገድል በአንድ ሌሊት።»
«ሁሉን? ቀንድ አውጣውንም?» አልኳት።
ከቆዳ ሐኪሙ መሳቢያ ማጉያውን አመጣሁላት።

«ከመፍረድሽ በፊት ራሱን እዪው» አልኩ፤
«ጠፍጣፋ ከሆነ፣ የጦር ጫፍ ከመሰለ መልኩ፣
ሁለት ሸውራራ ዓይን ከከፈተ፣
መስታወቱ ላይ እንደ ዘይት ከተንሸራተተ፣
እሱ ነው ክፉው። የዓሣ እንቁላል ይለቅማል፤
በምላጭ ብትከፍዪው ሁለት ሆኖ ያዘግማል።
ለእሱ ወጥመድ ነው፤ በጠርሙስ ጥሬ ሥጋ፣
ማታ አስገብቶ፣ ማውጣት ሲነጋ።
ይሄ ግን ክብ ነው፤ ዓይን የለው፣ ጭንቅላት የለው፣
የሌላ ትራፊ ነው የሚበላው።
በዝቶ ከታየ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤
ያለ አጉራሽ ትል እንዲህ አይለመልም።»

ላሪሳ ማጉያው ላይ አጎነበሰች፣ ዝም ብላ።
አንገቷን ሳይ ትዝ አለኝ አንገት፣ ሌላ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መርከዝ ክሊታ የገባን ሰሞን፣
በየእጃችን ትንሽ ብልቃጥ ሰጥተው አሰለፉን።
አንድ ሰውዬ እንዲህ መስታወት ላይ አጎንብሶ
ቀና ሳይል አንድ ቃል ጻፈ፣ ሌላውን ትቶ ጨርሶ።
ስንቅነሽ መባሌን ማንም ሳይሰማ፣
ሲጋል ተብዬ ሳልጠራ በአዲሱ ከተማ፣
ከስሜ በፊት ትሌ ተጻፈ።
ሦስት ቢጫ ኪኒን ዋጥኩ። ሆዴ ዳነ።
ወረቀቱስ ወዴት አለፈ?

ይህን ለላሪሳ አልነገርኳትም።
«አይጎዳም?» አለች። «አይጎዳም።»

በአሮጌ የግሉኮስ ቱቦ የአሸዋውን ቆሻሻ ሳብኩ፣
በየሦስት ቀኑ ሁለት ባልዲ ውሃ ለወጥኩ።
አጉራሹን ግን አውቀዋለሁ፤ አያ ተገኝ ነው፤
ሰኞና ሐሙስ ለደም ግፊት ሲመጣ፣ ዳቦው ኪሱ ውስጥ ነው።
ተራው እስኪደርስ ክዳኑን ገልጦ ይፈተፍታል፣
«እነሱ እያዩኝ ብቻዬን አልበላም» ይላል።

እንዴት ልከልክለው? ሰማንያ ዓመት ያጎረሰ እጅ ነው።
ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፤ ያገኘሁት ይህን ነው።
«አያ ተገኝ፣» አልኩት፣ «ዓሦቹ ጾም ይዘዋል።»
ዳቦው አየር ላይ ቀረ። «የሰኞና ሐሙስ?» ይላል።
«የሰኞና ሐሙስ።»
ወደ ኪሱ መለሰው፣ ፍርፋሪው ሳይፈስ።
«ጾማችሁን ይቀበል» አለ፣ ቀስ ብሎ፣
ቁጥሩ ሲጠራ ሄደ፣ ከዘራውን አንጠልጥሎ።

ሦስተኛ ሳምንት ነው። ውሃው ጠርቷል።
አንድ ክር ብቻ ከጥጉ ቀርቷል፤
ይለካል፣ ይለካል፣ አይጨርስም።
ጨርቄ ወደዚያ ጥግ ሲቀርብ ዞሮ ያልፋል፤ አይደርስም።