የጽድቀት ቆጠራ

ሐምሌ የእንግዳ ነው።
አውቶቡስ ከኮተቤ ሽቅብ እያጓራ፣
አንድ ዓይነት ካኔቴራ፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ፣ መቶ ካሜራ፤
ድምፅ ማጉያው ሲያዝዝ፣ ጭቃው ጫማ ሲውጥ በየተራ፣
ይተከላል፣ ይጨበጨባል፤
ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ ተራራው ይቀራል ከእኛ ጋራ።

ጥር ግን የኔ ነው።
ዝናብ የለም፣ ንግግር የለም፤ ብርድና ፀሐይ ብቻ፣ ጥርት ያለ ጥር፤
እኔና ጋሽ ነገዎ፣ የካ ተራራ ጀርባ፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስንቆጥር።
ጂፒኤስ፣ ቀይ ቀለም፣ የሃያ ሜትር ገመድ፣
አንድ ቅጽ፣ ሦስት ዓምድ፦
የተተከለ። የጸደቀ። ምርመራ።

ወንዶ ገነት አራት ዓመት የዛፍ ስም በላቲን እንደ ዳዊት ደገምኩ፤
ግንድ በሜትር ለካሁ፣ አፈር በጣቴ አሸሁ፣ ተመረቅኩ።
የባጃጅ ሹፌሩ ወንድሜ በሳምንት የሚያገኘውን በወር እንደማገኝ
የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግሩኝም አልሰማ፣ ያኔ ጫካ ነበር የወሰደኝ።

«ይቺ ጸድቃለች» ይላል፣ ሣሩን በዱላው ገለጥ አድርጎ፤
«ይቺኛዋ ተኮንናለች» ይላል፣ ሳቁን በጺሙ ሸሽጎ።
ሳብ ቢያደርጋት ወጣች፣ ከነጥቁር ላስቲኳ፤
መውጫ ያጣ ሥሯ ዞሮ ዞሮ የታሰረች በልኳ።
ማን ተከላት? አይታወቅም።
ፎቶዋ ግን ይኖራል፣ የሆነ ሰው ስልክ ላይ፤
እዚያ አትደርቅም።

ጥድ ሠላሳ አንድ። ወይራ አሥራ ዘጠኝ። ኮሶ ሁለት።
አንደኛዋን አውቃታለሁ፤ በየማክሰኞው ከምንጩ በጀሪካን የሚያጠጣት።
«ለምን እሷን ብቻ?» ብለው፣
«ጥግ ላይ ናት» አለኝ፤ «ብቻዋን ናት።»

ቁልቁል ስንመለስ አሰለፈች ብቅ አለች ከባሕር ዛፉ መሀል፤
ጀርባዋ ላይ ቅጠልና ጭራሮ፣ ከቁመቷ የሚረዝም፣ መሬት ሊነካ ሲል።
አልሸሸችም። ደንቡ «ያዝ» ይላል። ጋሽ ነገዎ ሸክሙን ያዘ፤
ያዘና ገመዱን አላላላት፣ ትከሻዋን ስለገዘገዘ።
ከጭራሮው መሀል አንዲት እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ መዘዘ፤
«ይቺን ተይልኝ» አላት።
ተወችለት።
ይሄ የሚጻፍበት ዓምድ የለኝም።

ስልኬ ጮኸ። ቢሮ ነው። «ስንት ፐርሰንት?» አለች ወይዘሮ ሙሉመቤት።
«አርባ አንድ።»
ዝም አለች። የወረቀት ድምፅ ሰማሁ።
«መስከረም ላይ የተላከው ሰማንያ አምስት ይላል።»
«መስከረም ላይ ገና አልሞቱማ» አልኳት።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከተማው ከታች ጭስ ለብሶ፣
ክሬኑ፣ ቆርቆሮው፣ ፎቁ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተለስኖ።
ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ አካፈለኝ፤ ቆየ ሲቆረጥም፤
«ልጄ፣ የኔስ ነገር? መደቡ ምን ደረሰ?»
«አልጸደቀም» አልኩት። «ዘንድሮም በጀቱ አልጸደቀም።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።
እሱም ሰማው መሰለኝ፤ ደብተሬን አየ፣ ዱላውን አየ።

ሃያ ሁለት ዓመት በጊዜያዊ፤ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ፊርማ፤
ያለ ቦቲ፣ ያለ ባትሪ፣ ጅብ በሚመላለስበት ጨለማ።
ከነላስቲኩ የተተከለ ሰው፣ አልኩ በሆዴ፤
ግን እንዴት፣ በየት በኩል ቀዶ ወጣ ሥሩ?
የሱን እጅ ያላየ ዛፍ የለም፣ ከምንጩ እስከ ድንበሩ።

ማታ ፈረንሳይ፣ መብራት ሄዶ፣ በሻማ ቅጹን ሞላሁ።
የተተከለ፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ።
የጸደቀ፦ አራት መቶ ዘጠና ሁለት።
ደግሜ ደመርኩ፤ ቁጥሩ አልራራልኝም፣ እኔም አልራራሁለት።
«ምርመራ» በሚለው ጠባብ ዓምድ፣ ማንም በማያነበው፣ እንዲህ አልኩ፦
«ጥግ ያለችው ኮሶ በአንድ ሰው ውኃ ጸድቃለች።
የሰውየው ስም ነገዎ ቱፋ።
ይጽደቅ።»

ፈረምኩ።
ማኅተሙ ግን ያለው ቢሮ ነው።