የሰኞ መጽሔት፣ የረቡዕ ጀልባ

ቶኪዮ ላይ ሰኞ ሳይነጋ ይወጣል፤
እኛ ደሴት ግን ሰኞ ረቡዕ ይውላል።
ከሽንኩርት ጆንያ፣ ከጋዝ ሲሊንደር ጋር
ናጋሳኪ ተጭኖ ሲያቋርጥ ባሕር
ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩን የሚከፍት የለም፣
ዘመድ ከማዶ ቢደውል "አቤት" አንለውም።

ሕግ ነው፤ ያልተጻፈ። የጣሰው ያውቀዋል።
አምና ዓሣ አጥማጁ ጌንጂሮ አምልጦት ተናግሯል፤
"ያ ሽማግሌ እኮ ሞተ" አለ፣ ገና ሳናነብ፤
ወር ሙሉ ብቻውን ጠገነ መረብ።

እኔ አርባ አንድ ሞላኝ። ወደብ ላይ ነው ሥራዬ፤
ትኬት እቆርጣለሁ፣ ከነማኅተሜ፣ ከነኮፍያዬ
የመንግሥት ሰው ነኝ። ግን ባለፈው ሳምንት
ሂባናን በአንድ እጇ ድልድይ ላይ አንጠልጥለው ትተዋት
እንዴት ልተኛ? ሰይፏ ወንዝ ገብቷል፤
ከገመዱ ሦስት ክር ብቻ ቀርቷል።
በማጉያ መነጽር ሦስቱን ቆጠርኳቸው፤
አንደኛው፣ እምላለሁ፣ ግማሽ ብቻ ነው።

ረቡዕ ነፋስ ተነሳ።
"በማዕበል ምክንያት ጀልባው ዛሬ አይመጣም"
ብዬ የማውጀው እኔው ነኝ፤ መድገም ግን አልቻልኩም።
ከፊቴ የቆመ ተሳፋሪ አንድም የለም፤
ስድስት ልጆች፣ ክሊኒኩን ዘግታ የመጣች ነርሷ ማዩኮ፣
ባለሱቋ ቺዙሩ፣ በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ ከነምርኩዟ፣
በስተኋላ፣ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ፣ ጌንጂሮ እንኳ።

ሐሙስም አልመጣ። ሱቁ ውስጥ ተጠጋግተን
ያለፈውን እትም ጥጉ እስኪላላ አገላበጥን።
ቺዙሩ ዓይኗ ስለደከመ የምታነበው በሶሄይ አፍ ነው፤
ዘጠኝ ዓመቱ ነው ልጁ፣ እሷ ግን አትምረው፤
"ሂባና እንደዚያ አትጮኽም! ከሆድህ አውጣው!"

"ወንድሟ ይደርሳል" አለ ሶሄይ።
"ወንድሟ ከሃዲ ነው!" አለች ነርሷ፤
ሰው መድኃኒቱን ሲረሳ እንኳ እንዲህ አትቆጣም።
ያኔ ከበሩ ሥር፣
"ወንዙ ጥልቅ አይደለም"
አለ ጌንጂሮ። "አረፋውን እዩት፣ ሠዓሊው እንዴት እንደሳለው፤
ድንጋይ ላይ የሚሄድ ውኃ ነው። ወገብ ቢደርስ ነው።"
ዝም አልን።
በዓመቱ ሰው ቀና ብሎ አየው።
ቺዙሩ በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

አርብ ጀልባው መጣ፤ መጽሔቱ ግን ጨው ጠጥቶ፣
ገጽ ከገጽ ተጣብቆ፣ እንደ ራሰ ዳቦ አብጦ።
ማዩኮ የፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ መጣች፤
አንዱን በሙቀት፣ አንዱን በጥፍሯ ፈለቀቀች።
እኛ ላይዋ ተደፍተናል፤ የማን ክርን የማን ጎን ውስጥ እንዳለ አይለይም።
ገመዱ ተበጠሰ።
ገጽ።
ወደቀች።
ገጽ። ቺዙሩ "ቀስ በይ!" ትላለች፤ ወዲያው "ቶሎ በይ!" ትላለች።
ሁለት ገጽ ሙሉ ጥቁር ውኃ፣ ነጭ አረፋ፤
መሐሉ ላይ ሂባና ቆማለች።
ውኃው ወገቧ ላይ ነው።

ልጆቹ ጌንጂሮን ሊሸከሙት ተረባረቡ፤
ዘጠና ኪሎ ይሆናል፤ አልቻሉም፤ ግን ሞከሩ።

የመጨረሻው ገጽ ተቀዶ ወጣ፤ ፊደሉ ግማሽ ግማሹን፤
"በሚያዝያ... ቅዳሜ ማታ... በአኒሜ..."
ሶሄይ ሦስቴ አነበበው፤ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ጠፋ።
ልትንቀሳቀስ ነው! ፀጉሯን ነፋስ ሊያነሳው፣
ቀለሙንም ልናየው ነው!
(ቀይ ነው ብዬ አይደል አራት ዓመት የተከራከርኩት?)
ቺዙሩ ብቻ አልጮኸችም።
"ድምፅ ሊሰጧት ነው?" አለች። "የማንን?"
ሶሄይን አየችው፤ "እንጃላቸው። እኔ የለመድኩት አለኝ።"

አስር ሰዓት ሲቃረብ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፣
ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩ። መላው ወደብ ይሰማኛል፤
የሂባና ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ቆሞ ያሳክከኛል።
መሰላሉ ሥር ግን ሁለት እህትማማቾች ከወዲያኛው ደሴት፣
መጽሔቱን ሳይገልጡ በደረታቸው አቅፈውት፣
ጀልባ ይጠብቃሉ፤ ቤታቸው ደርሰው ሊያነቡት።
ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣
ከኮፍያው ጥላ ሥር ብቻዬን እየሳቅኩ፣
"ጀልባው በአስር ሰዓት ይነሳል" አልኩ።