የቅምሻ ሰዓት

ስሜ ጠጂቱ ነው፣ ንግዴ ግን ሻይ ነው፤
ደንበኛ ይስቃል፤ ሳቁ በነጻ ነው።
ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከግንቡ ጥግ ሥር
አራት ዱካ አሉኝ፣ ያንዱ ጎደሎ እግር፤
ጥላሸት የጠጡ ሁለት በራዶች፣
በወተት ጣሳ ውስጥ ጥቂት ቅመሞች፦
ቀረፋ ስብርባሪ፣ ራሱን የጣለ ቅርንፉድ፣
ኮረሪማም ሲኖር፣ ዋጋው ሲወርድ፣ ከስንት አንድ።

ረዳቱ በማለዳ ቆሞ ይጠጣል፣
"ጠጂ፣ ቶሎ!" ሲል ምላሱን ያቃጥላል፤
ጥበቃው ከሌሊት ብርድ ወጥቶ ሲመጣ
ስኳሩ ከአራት ማንኪያ ቢጎድል ሊቆጣ፤
የባንኳ ልጅ ደግሞ ስፕሪስ አዛ፣
ቡናና ሻይ ሳትመርጥ፣ ሁለቱንም ይዛ።

ሐምሌ ላይ ነው። ካፊያው ቆም ሲል፣ ሲጀምር፣
አንገቱ ኮሌታው ውስጥ የሚዋኝ ሽማግሌ
ጎደሎው ዱካ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ተቀመጠ፤
ስኳር አልፈለገም። ማንኪያ ግን መረጠ።
ጨለፈና ሳበው፣ ሹርርር! በጩኸት፤
ረዳቱ ሳቀበት፣ እኔ አፈርኩለት።
አፉ ውስጥ አንከባለለው፣ ዓይኑን ጨፈነና
ቦዩ ላይ ተፋው። "አባት፣ ሻዬ ምን ሆነና?"

"ልማድ ነው፣ ልጄ። ሠላሳ ሁለት ዓመት
ለገሃር አጠገብ፣ ፎቅ ላይ፣ ሰሜን በሚያይ መስኮት፣
ነጭ ሲኒ ተደርድሮ፣ ተርታውን ስቀምስ፣
መዋጥ የለም። ፉት፣ እትፍ፣ ጻፍ። እስከ ምሳ ድረስ።"
"ስምዎስ?"
"ልሳነወርቅ።" ሳቅ አመለጠኝ፤
ጠጂቱ መሆኔን ሲሰማ፣ እሱም ሳቀብኝ።

ክረምቱን አስተማረኝ። "ሻይ አንድ ዛፍ ነው፣
ጥቁር፣ አረንጓዴ የሚያሰኘው ሰው ነው፤
አንዱን አጠውልገው፣ ጨፍልቀው፣ ለአየር ሲሰጡት
ይጠቁራል፤ ሌላውን በእንፋሎት ቶሎ ሲመቱት
እንደ ለጋ ይቀራል።
አገሩ ቻይና ነው፣ ስሙም ከዚያው የመጣ፤
የእኛው ውሽውሽ ከከፋ ጉም ውስጥ የወጣ፣
ጉመሮ የኢሉባቦር።
ሁለት ቅጠል፣ አንድ እምቡጥ። ሦስተኛው ስስት ነው፤
ዝናብ በበዛበት ሳምንት ቅጠሉ ልግመኛ ነው።"

"ጦስኝስ?" አልኩት። "ቀሽርስ፣ የሐረሩ የቡና ገለፈት?"
"የጡት ልጆች ናቸው፤ በፍቅር የገቡ ከሻይ ቤት።
ቀረፋው ከውሃው ጋር ከብርዱ ይጀምር፣
ዝንጅብል በስተኋላ፤ ሎሚ ከብርጭቆው በቀር
የትም እንዳይገባ።
ቅጠሉን አታፍይው፤ ውሃው ብቻውን ይፍላ፣
አውርጂው፣ አራት ደቂቃ ክደኚው፣ ከዚያ በኋላ..."
"ጋሼ፣" አልኩት፣ "የኔ ደንበኛ ሻዩ ካልጠቆረ
ገንዘቡን የበላሁት ይመስለዋል።"
አቀረቀረ።

(ማታ ግን፣ በሩን ዘግቼ፣ እንዳለው አደረግኩት።
ቀይ፣ ጥርት ያለ። ለማንም ሳልነግር ጠጣሁት።)

ነሐሴ ማለቂያ፣ ግርግር በሞላበት ጠዋት
የጥበቃውን ብርጭቆ፣ ከነአራት ስኳሩ፣ ለጋሼ ሰጠሁት።
ሹርርር አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ።
"ጉመሮ ነው" አለ፣ "የሰኔ ለቀማ፣ ትንሽ የከረረ።"
ከወዲያ ጥበቃው "ጠጂ! ስኳሩስ!" ብሎ ጮኸ።
የጋሼ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ።
ረዳቱ እንኳ አልሳቀም።

"አወቅሽብኝ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
"ከዚያ ጉንፋን ወዲህ፣ ሁለት ዓመት አልፎ፣
ምላሴ እንጨት ነው፣ አፍንጫዬ ግንብ።
በቀለሙ አያለሁ፣ በሙቀቱ፣ በድምፁ፣ ስስብ፤
የቀረውን እዋሻለሁ። ስሜን ምን ላድርገው?"

ምን ይባላል? ማንኪያውን ከእጁ ተቀበልኩት፤
እንደ እሱ ጮክ አድርጌ፣ ሹርርር፣ ሳብኩት።
"መጀመሪያ" አልኩ፣ "እንደ ቴምብር ጀርባ ነው፣
ሲልሱት የሚጣፍጥ፣ ቶሎ የሚደርቀው፤
ከዚያ ጉሮሮ ያዝ ያደርጋል፣ እንደ ቤት ኪራይ ቀን፤
ከዚያ... ከዚያማ ስኳሩ ነው፣ ጋሼ። ስኳሩ ሸፈነን።"

ከኮቱ ኪስ ደብተር አውጥቶ፣ እርሳሱን በከንፈሩ አርሶ ጻፈ፦
"ቴምብር።"
"ሠላሳ ሁለት ዓመት ይህ ቃል አልነበረንም" አለ፤
ሒሳብም ሳይከፍል አለፈ።